አሮጊቷ ዝንጀሮ ያወቀችው

ተረት ተረት!

የማሽላ እሸት!

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር፣ አያ ድንበሩ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸው ይርገዱ ትባላለች። የዓመት ቀለባቸው አንዲት የማሽላ ማሳ ናት። ማሽላው ሲያፈራ አያ ድንበሩ ማማ ላይ ይወጡና ዝንጀሮውን በወንጭፍ ይመልሳሉ። ድንጋያቸው ስቶ አያውቅም ነበር።

አንድ ዓመት ግን ዓይናቸው ደከመ። ከዚያም ጭራሽ ጠፋ። «ይርገዱ ከሰማች ታዝንብኛለች» አሉና ለማንም አልተናገሩም። ማማው ላይ ተቀምጠው ወንጭፋቸውን ያጮሃሉ። ሰው ሁሉ ያያሉ ብሎ ያምናል። ይርገዱም ታምናለች።

አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ ግን አላመነችም። ገደል አፋፍ ላይ ሆና ስታያቸው ሰነበተች። ድንጋዩ ወዲያ፣ መንጋው ወዲህ! አንድ ቀን ብቻዋን ወረደችና ማማው ሥር ቆመች። እጇን አወዛወዘች። ዝም። ጥርሷን አገጠጠች። ዝም። እሸት ቀጭ አድርጋ ስትሰብር ግን ድንጋዩ ጆሮዋ ሥር ሽው ብሎ አለፈ።

ዝንጀሮዋም፦ «አሃ! ዓይኑ አያይም፣ ጆሮው ግን ይሰማል» አለች።

በማግስቱ መንጋውን አስከትላ መጣች። ግልገሎቹ እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ቀስ እያሉ ይበላሉ፣ አያ ድንበሩ ከላይ ሆነው ያፏጫሉ!

ይርገዱ ምሳ ይዛ ስትመጣ ይህን አየች። ጮኸችና አባረረቻቸው።

ይርገዱ፦ «ምነው አንቱ! ዝንጀሮ እግርዎ ሥር እየበላ ያፏጫሉ?»

አያ ድንበሩ አንገታቸውን ደፉ፦ «ዓይኔ ጠፍቷል፣ ይርገዱ። እንዳታዝኚብኝ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።»

ይርገዱ አለቀሰች። ከዚያም ሳቋ መጣ፦ «ዝንጀሮ ያወቀችውን እኔ ሚስትዎ ሳላውቅ! በሉ ጋቢዎን ያምጡ!»

ጋቢውን ተከናነበችና ማማው ላይ ወጣች። ዝንጀሮዋም «ያው ዕውሩ ሽማግሌ ነው» ብላ መንጋዋን አስከትላ ተዝናንታ መጣች። እጇን አወዛወዘች። ጋቢው ዝም። ጥርሷን አገጠጠች። ዝም። ዞር ስትል ድንጋዩ ቂጧን ጠፍ! መንጋው እየተንጫጫ ወደ ገደሉ ሸሸ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እሳቸው፣ አንድ ቀን እሷ፣ ያንኑ ጋቢ ለብሰው ይጠብቁ ጀመር። ዝንጀሮዋ አፋፉ ላይ ሆና፦ «ዛሬ ያያል? ዛሬስ አያይም?» እያለች ስትጨነቅ ማሽላው ደርሶ ታጨደ።

አያ ድንበሩም የሚደብቁት ነገር ስላልነበራቸው፣ የሚስታቸውን ክንድ ይዘው፣ በአገሩ ሁሉ ፊት፣ እየሳቁ አውድማ ወረዱ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ በሉ ልጆቼ፣ ከቆሎው ዘገን አድርጉልኝ።