ቆቅ ሹሙን በእግሩ ያስኬደችበት ዘዴ

ጆሮ ያለው ወደዚህ ያቅና፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ፣ እንስሳ አፍ፣ ዕቃም ልሳን በነበረው ዘመን፣ እመት ቆቅ የምትባል ባልቴት ከአንድ ወንዝ ራቅ ብላ ትኖር ነበር። የአገሩ ገዥ ደግሞ ሆዱ ከእግሩ የሚቀድም ሹም ከርከሮ ነበር። ይህ ሹም ለጋሪው ብሎ ከደጃፉ እስከ ወንዙ ሰፊ መንገድ አስጠረገ። የእግር መንገዱ በጋሪው መንገድ ተዋጠ። በዳሩ ጥላ የሚሰጡት ዋርካዎች ተቆረጡ። በዳር በኩል ጥልቅ ቦይ ተቆፈረ፤ የሚከድነው ግን ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ጋሪ ያለው በጋሪ ሄደ፣ የሌለው ቤቱ ተቀመጠ። ውሃ ሊጠጣ የወጣውን የሽኮኮን ባል ጋሪ ገጭቶ ሲገድለው፣ የቀረውም ሁሉ ተቀመጠ።

ቆቅም ተቀመጠች። ተቀምጣ ተቀምጣ ጉልበቷ ተያዘ። መድኃኒት አዋቂው ጎረቤቷ ጃርት መጥቶ አያት።

«እመት ቆቅ፣ ለዚህ ሥርም ቅጠልም የለኝም» አላት። «ጠዋት ጠዋት ወንዝ ድረስ በእግርሽ ውረጂ። አለዚያ ለክረምት የምትጭሪበት እግር አይኖርሽም።»

ጭሮ አዳሪ እግሩን ካጣ ምን ይበላል? ቆቅ አጥር ለአጥር እየታከከች ሹሙ ዘንድ ደረሰች። ሹም ከርከሮ ሰፊ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሥራ ሥር ያኝካል።

«ጌታዬ፣ በእግር የሚኬድበት ጠፋ» አለችው።

«የጠፋው መንገድ አይደለም፣ ወኔ ነው» አላት። «ሕዝቤ ሰንፏል። እኔ እመክረዋለሁ።»

በማግስቱ ትልቅ ሰሌዳ አሠራና፣ በጋሪው መንገድና በቦዩ መካከል ለእግር በተረፈችው አንድ ክንድ ቦታ ላይ አስተከለው። ሰሌዳው ቀኑን ሙሉ «ተራመዱ፤ መራመድ ጤና ነው» ይላል።

«ዞር በልልኝ፣ ልራመድ» አለችው ቆቅ።

«እኔ እመክራለሁ እንጂ ዞር አልልም።»

«ታዲያ በየት ልለፍ?»

«እሱ አልተጻፈብኝም።»

ቆቅ ንዴቷን ዋጠችና ወደ ሹሙ ተመለሰች። «ጌታዬ፣ ሰሌዳው ግሩም ነው። ክፉ አፍ ግን አይጠፋም። ‹ሹማችን እግር የላቸውም፤ ቢኖራቸው ኖሮ እናየው ነበር› እያሉ ያሙዎታል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ማን ያላለ አለ፣ ጌታዬ? ነገ በእግርዎ እስከ ወንዙ ቢወርዱ አፋቸው ይዘጋል።»

ሹሙ በማግስቱ በእግሩ ወጣ። ሕዝቡ በአጥር ቀዳዳ ያያል። ሠላሳ እርምጃ ሄዶ ሰሌዳውን እዞራለሁ ሲል ቦዩ ውስጥ ዘጭ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለው ቦዩ። «ጥንቸል ገብቶብኝ ያውቃል፣ ኤሊም ገብቶብኝ ያውቃል። ሹም ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

«አንተን ማን አስቆፈረህ?»

«እርስዎ።»

በገመድ ተጎትቶ እንደወጣ ሰሌዳውን አስነቀለ። ቦዩንም በጠፍጣፋ ድንጋይ አስከደነ፤ ከደጃፉ እስከ ወደቀበት ድረስ ብቻ።

«ሠላሳ እርምጃ ምን ይረባሻል?» አለ ጃርት።

«ታገሥ፤ ገና ይወድቃል» አለች ቆቅ። ወደ ሹሙም ሄዳ፣ «ጌታዬ፣ እግር እንዳለዎት ታየ። አሁን ደግሞ ‹ያላቸው የመውደቂያ እግር ነው› ይላሉ» አለችው።

ሹሙ ተቆጥቶ ወጣ። የተከደነውን አለፈ፤ ያልተከደነውን ተጠንቅቆ አለፈ። እግረኛ የጋሪውን መንገድ የሚያቋርጥበት መሻገሪያ ላይ ሲደርስ ግን የገዛ ጋሪው እየበረረ መጥቶ በግንባሩ ደፋው።

«አላያችሁኝም?» አላቸው ጋሪውን የሚጎትቱትን በቅሎዎች።

«አይተን ነበር ጌታዬ። በእግሩ የሚሄድ ሹም ስለማናውቅ፣ ተራ እግረኛ መስለውን ነው።»

በዚያው ቀን መሻገሪያው ላይ ጋሪ የሚያዘገይ ጉብታ ተሠራ፤ እግረኛ ያየ ጋሪ እንዲቆምም ታዘዘ። ቦዩም እስከዚያ ድረስ ተከደነ።

በሦስተኛው ጊዜ ቆቅ፣ «‹እስከ ወንዙ አይደርሱም› ብለው ተወራረዱ» አለችው። ወጣ። መሻገሪያውን በሰላም አለፈ። ከዚያ ወዲያ ግን ጥላ የለም፤ ፀሐይዋ አናቱን ትጠብሰዋለች። ወንዙ ጋ ሊደርስ ሲል ዓይኑ ጨለመበትና ከአንድ የዋርካ ጉቶ ሥር ተዘረረ።

«ጥላህ የት አለ?» አለው ጉቶውን።

«ቤትዎ ነው ጌታዬ» አለ ጉቶው። «ቆርጠው አልጋ አሠርተውበታል።»

ሹሙ ከተዘረረበት ሆኖ አዘዘ። የቀረው ቦይ ተከደነ፣ በዳርና በዳሩ ችግኝ ተተከለ፣ ችግኙ እስኪያድግም ዳስ ተጣለ።

ቆቅ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ትወርድ ጀመር። መጀመሪያ እያነከሰች፣ ኋላ እየፈጠነች። ባሏ የሞተባት ሽኮኮም ልጆቿን አስከትላ ወረደች። ክረምት ሲገባ ቆቅ በገዛ እግሯ ጭራ በላች።

ነጋሪቱ ግን፣ «ይህ መንገድ በሹም ከርከሮ አርቆ አሳቢነት ተሠራ» እያለ ይጎሰማል።

«ክብሩን እኮ እሱ ወሰደው» አለ ጃርት።

«ይውሰደው። እኔ እሄድበታለሁ» አለች ቆቅ።

ሹሙ ረግጦት ከማያውቀው ከላይኛው ሰፈር ሽማግሌዎች መጡ። «እኛ ዘንድ ቦዩ እንዳፈጠጠ ነው፤ ለሹሙ ምን ብለን አቤት እንበል?» ብለው ጠየቋት።

«አቤቱታውን ተዉት» አለች ቆቅ። «ለምሳ ጥሩትና በእግርዎ ይምጡ በሉት።»

ሹም ያልወደቀበት ጉድጓድ አይደፈንም።