የፊታውራሪ ጓንጉል የግሪክ ቤት

ፊታውራሪ ጓንጉል ከፈረንጅ አገር ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ኩራት ለሰባት በቅሎ የሚከብድ ነበር አሉ። በማግስቱ ጎጆ ሠሪውን አስጠርተው የጥንት ግሪኮች የሠሩትን ቤት ፎቶግራፍ አሳዩት። ቤቱን ዘመን አፍርሶት ምሰሶው ብቻ ቀርቷል።

«የፈረንጅ ሸንጎ በለው ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ከዚህ የተቀዳ ነው። ለእኔም ይህንኑ ሥራልኝ።»

«ጌታዬ፣ ግን እኮ...»

«ግን የለም! ከፎቶው አንዲት ነገር ብትጨምር ወይም ብታጎድል ሁለቱን በሬዎችህን እወስዳለሁ።»

ሰውዬው ከእነዚያ በሬዎች ሌላ ሀብት አልነበረውም። ስለዚህ ልክ እንደ ፎቶው፣ ደመና ሊወጋ ጥቂት የቀረው ምሰሶ ደርድሮ አቆመ።

በምረቃው ቀን ፊታውራሪ ካባቸውን ደርበው መሐል ላይ እንደ ተቀመጡ፣ እንቁራሪትን እንኳ መጠለያ የሚያስመኝ የሐምሌ ዝናብ ወረደባቸው።

«አንተ! ጣሪያው የታለ?» ብለው ጮኹ።

«ፎቶው ላይ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፣ ጌታዬ። ከራሴ ብጨምር ደግሞ በሬዎቼ ሊሄዱ ነው።»

«ታዲያ ፈረንጆቹ ከየት አምጥተው ነው ጣሪያ ያላቸው?»

«እነሱማ ምሰሶውን ከግሪክ ሲቀዱ፣ ጣሪያውን የሰፈራቸውን ጎጆ ሠሪ አማክረው ይሆናላ!»