የሙግት ሥር ግማሽ ቅስት

ወይብላ ወንዝ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳውን ሊይዝ ሲል፣ በግራ ዳሩ ወደ ውኃው ጎንበስ ያለ፣ ከድልድይ የቀረ ግማሽ የድንጋይ ቅስት አለ። አገሬው ቦታውን «ሙግት ሥር» ይለዋል። መንገደኛ ዝናብ ቢይዘው እንኳ እዚያ አይጠለልም፤ ከብትም ቢሆን ያንን ጥላ አይወድም ይባላል። የከብቱን እንጃ፣ የሰዉ ግን እውነት ነው።

እንደሚነገረው፣ ድልድዩን የገነባው አለቃ ጓንጉል የተባለ ግንበኛ ነበር። እጁ ድንጋይ ያናግራል፣ ምላሱ ደግሞ ጤፍ ይቆላል። በዚያ ዘመን ግንበኞች በሥራ ሐሳብ ሲለያዩ መዶሻቸውን አስቀምጠው እንደ ችሎት «በላ ልበልሃ» ይባባሉ ነበርና፣ ጓንጉል በዚህ ሙግት ተረትቶ አያውቅም። ልክ ሲሆንም ይረታል፣ ሲሳሳትም ይረታል፤ ሁለቱን መለየት ከተወ ቆይቶ ነበር። የተረታ ሰው ደግሞ ቅጣት ነበረበት፦ በፈራው ሥራ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ባልደረቦቹ እየሣቁበት ምሳውን ይበላል።

በሙያ ከጓንጉል የማያንሰው ቢሰውር ነበር፤ የጓንጉል አንዲት ልጅ የየሻሽወርቅ ባል። ይህ ሰው ተብታባ ነው። እጁ የጨረሰውን አፉ ገና ይጀምረዋል።

ቅስቱ ተገጥሞ ከሥሩ የቆመው የእንጨት ድጋፍ ሊነሣ ሲል፣ ዝናብ ያለ ጊዜው መጣና ሰነበተ። ቢሰውር በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተነሣ።

«አ... አለቃ፣ ኖራው አልጠበቀም። ድጋፉን ዛሬ ካነሡት ቅስቱ ይወርዳል።»

«ካላነሣሁትስ? ደራሽ ውኃ መጥቶ እንጨቱን ሲነቅለው ቅስቱን ይዞት አይሄድም?»

ይህም እውነት ነበር። የጓንጉል ነገር ሁሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለለ! ቢሰውርም ይህን አልካደም። ድጋፉን ወጥረው የያዙትን ሽብልቆች በጥቂቱ እናላላ፣ ድንጋዩ ተከትሎ ከወረደ መልሰን እንምታቸው ሊል ነበር፤ ጠዋት ለሚስቱ እንዲሁ ብሏት ወጥቷል። ነገር ግን ቃሉ ያዘው። «ሽ... ሽ...» አለና ቀረ።

ጓንጉል ሊጠብቀው ይችል ነበር። አልጠበቀውም።

«እሽ! እሽ! ምነው አማቼ፣ ዶሮ ታባርራለህ?»

አቤት ሣቅ! የሚጠራጠሩትም ሣቁ፤ ኖራውን በእጃቸው ያቦኩት ሳይቀሩ ሣቁ። ዝም አይነቅዝም ብለው የያዙትን ሐሳብ ዋጡት። ቢሰውርም እንደ ተረታ ተቆጠረና ቆሎውን ይዞ ከቅስቱ ሥር ተቀመጠ። የሻሽወርቅ እርጉዝ ነበረች፤ ምሳ ይዛ መጥታ ከዳር ቆማለች።

ጓንጉል ትእዛዝ ሊሰጥ ሲል እጁን ከግንቡ ላይ አሳረፈ። አውራ ጣቱ አይብ እንደነካ ኖራው ውስጥ ገባ። «ቁሙ» ማለት ነበረበት፣ አንዲት ቃል። ቀና ቢል ሰዎቹ ገና የሣቅ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ያን ሣቅ መመለስ ሞት ሆነበት።

«ምቱ!» አለ።

ሽብልቆቹ ወጡ፣ እንጨቱ ወደቀ፣ ቅስቱ ቆመ። ሠራተኛው ሆ አለ። ጓንጉል ትንፋሹ ተመለሰለትና፣ «ይኸው! አማቼ፣ አሁንስ ምን ትላለህ?» አለው። ቢሰውር ሊመልስ አፉን ሲከፍት የቅስቱ ግማሽ በላዩ ወረደ። ድንጋዩ ከብዶ የሚያነሣው ጠፋ፤ ሰውዬው እዚያው ቀረ።

ነገሩ ለዳኛ ደረሰ። ደሙን ትሻለች ወይስ የደሙን ዋጋ ተብላ የተጠየቀችው የሻሽወርቅ ናት። እሷም እንዲህ አለች ይባላል፦

«ሁለቱንም አልፈልግም። አባቴ የማይረታው ሰው የለም፤ እንግዲህ ባሌን ይርታልኝ። የጀመረውን ቃል እስኪጨርስ ድረስ ቁጭ ብሎ ያድምጠው።»

ዳኛው ፈረደላት። ጓንጉልን ከቀረው ግማሽ ቅስት ሥር፣ ከድንጋዩ ክምር ፊት በሰንሰለት አሰሩት። በመጀመሪያ ሰሞን ስለ ደራሽ ጮኾ ተከራከረ። ኋላ ድምፁ ወረደ። ከዚያም «አማቼ፣ ምን ትላለህ?» እያለ እየጠየቀ፣ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ይጠብቅ ጀመር። ልጁ ምግብ ታመጣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን ቀሚሷን ያዘ።

«ልጄ፣ አገኘሁት። ሽብልቁን በጥቂቱ እናላላ ሊለኝ ነበር። ልክ ነበር። ረታኝ በቃ፣ ፍቺኝ።»

የሻሽወርቅ መልሱ ትክክል መሆኑን ታውቃለች። ቀሚሷን ከእጁ አስለቀቀች።

«እሱ ጨርሷል?» አለችው።

ክረምት ሲገባ ደራሹ መጣ። ጓንጉል ስለ ደራሽ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር፤ በጠዋት የተገኘው ሰንሰለቱ ብቻ ነው።

የወይብላ ግንበኞች እስከ ዛሬ የቅስት ድጋፍ ሲያነሡ፣ የተጠራጠረው ሰውና አለቃው ከቅስቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ሽብልቁ የሚላላው ሁለቱ እየጎረሱ ነው። ከዚያ በፊት የሚደረገው ክርክር ታዲያ እንዴት ያለ ነው! አለቃ ለመርታት ሲቸኩል ታይቶ አይታወቅም። ተከራካሪው ቃል ከያዘው ማንም አያግዘውም፣ ማንም አይሥቅም። አለቃው መዶሻውን መሬት አስቀምጦ ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠብቀዋል፤ ፀሐይ ብትጠልቅም ይጠብቀዋል።