ሾፌሩና የግራ ዓይኑ

አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ሠላሳ አንድ ዓመት አሽከርክሮ ጡረታ ወጣ። ስሙ ንጋቱ ነው፤ ቤቱም አዳማ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ሰው እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ሰዎች በዚህ ሲያመሰግኑት ደስ ይለዋል፤ ካላመሰገኑትም ራሱ ያነሳዋል።

ሚስቱ እማዋይሽ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በካርታ ላይ ስታስተምር ኖራለች፤ ከላንጋኖ ወዲያ ያሉትን ግን አንዱንም በዓይኗ አላየችም። ባሏ በየሳምንቱ በእነዚያ ሐይቆች ዳር ያልፍ ነበር። እሱም ቢሆን ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ከማየት በቀር አንድ ቀን ወርዶ ውኃውን አልነካውም። መናኸሪያ ገብቶ ያድራል፤ በማግሥቱ ተሳፋሪ ጭኖ ይመለሳል። ሚስቱ ሐይቆቹን ስታነሳበት «ጡረታ ስወጣ አርባ ምንጭ ድረስ እወስድሻለሁ» ይላት ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ቃሉን አልረሳም። አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ ወንበሮቹን ነቅሎ አወጣና ግቢው ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሠራው ከረመ። ከኋላ ታጣፊ አልጋ፣ ከጎን ምድጃና መደርደሪያ፣ ከጣሪያው ላይ የውኃ በርሜል ገጠመለት። እማዋይሽ መጋረጃዎቹን ሰፋች። ሥራው ሲያልቅ የሰፈሩ ሰው እየተጠራራ መጥቶ አየው። ስሙንም «ቤት መኪናው» አሉት። አልጋው ላይ ያልተቀመጠ፣ ምድጃውን ለኩሶ ያላጠፋ ጎረቤት አልነበረም።

ነገር ግን ንጋቱ ከሚስቱ የደበቀው አንድ ነገር ነበር።

ከጉዞው ስምንት ወር በፊት የግራ ዓይኑ ጎን ጎኑን ማየት እያቃተው መጣ። ከበር መቃን ጋር ይጋጫል፤ ከግራው የቆመ ሰው ሲያናግረው ይደነግጣል። ለማንም ሳይናገር ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ «በሽታው ግላኮማ ይባላል፤ የዓይን ግፊት ነው» አለው። «የግራው ብዙ ሄዷል፤ የቀኙንም ጀምሮታል። ይህን ጠብታ ሳያቋርጡ ይጠቀሙ። መኪና መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ።»

ንጋቱ ጠብታውን ሦስት ሳምንት ያህል ተደብቆ ተጠቀመበት። አንድ ቀን እማዋይሽ ጠብታውን ልታገኝበት ስትል ለጥቂት ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ተወው። «ይህን አንድ ጉዞ ልጨርስ፤ ከዚያ እነግራታለሁ» ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። መንገዱን እንደሆነ በቃሉ ያውቀዋል። የትኛው ኩርባ የት እንዳለ፣ አስፋልቱ የት የት እንደተቦረቦረ፣ ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ አለ።

እማዋይሽም መንጃ ፈቃድ ነበራት። በሃምሳ ዓመቷ ተምራ፣ ተፈትና፣ አልፋ ነው ያወጣችው። በየጊዜውም ታሳድሰዋለች። ንጋቱ ግን አንድም ቀን መሪ ሰጥቷት አያውቅም።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ጎረቤቶቻቸው ቆሎና ድርቆሽ ይዘው ሸኟቸው። ሞጆን አልፈው ወደ መቂ ሲያመሩ እማዋይሽ እንደ ልጅ ፈነጠዘች። መጋረጃውን ገልጣ ሜዳውን ታያለች፤ ስለ እያንዳንዱ ኮረብታ አፈጣጠር ታስረዳዋለች። እሱም «እሺ አስተማሪዬ» እያለ ይስቃል። ጭንቅላቱን ግን ቶሎ ቶሎ ወደ ግራ ሲያዞር ታዘበችው። አንገቱን ያመመው መሰላት።

መቂ ከተማ ሲደርሱ ንጋቱ ቲማቲምና ፓፓያ እንግዛ አለ። ገበያው ከመንገዱ በስተግራ ነው። ፍሬቻ አሳይቶ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ።

«ንጋቱ!» ብላ ጮኸች እማዋይሽ።

በሙሉ ኃይሉ ፍሬን ያዘ። የመደርደሪያው ዕቃ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከመኪናው አፍንጫ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሰማያዊ ባጃጅ ቆሟል። ባጃጁ ውስጥ አንዲት እናት አራስ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና፣ በሁለት ክንዶቿ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

የባጃጁ ሾፌር ወርዶ መጣ። «አባቴ፣ አላዩኝም?»

የንጋቱ ድንጋጤ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «እንደ እብድ ትነዳላችሁ! ምን ዓይነት አነዳድ ነው?»

«ኧረ አባቴ፣ ቆሜ ነበር እኮ!» አለ ሰውየው። «እስኪያልፉ ብዬ ቆሜ እየጠበቅኩዎት ነው የመጡብኝ።»

ንጋቱ ወደ ሚስቱ ዞረ። እማዋይሽም ባጃጁ ቆሞ እንደነበር አይታለች።

«መኪናውን ወደ ኋላ መልስና ዳር አስይዘው» አለችው ቀስ ብላ።

መኪናውን ዛፍ ሥር አቆመው። ጭንቅላቱን ወደ ግራ ሲያዞር መዋሉ ትዝ ያላት እማዋይሽ ፊቱን ወደ እሷ አዞረችና «ቀኝ ዓይንህን በመዳፍህ ሸፍን። አፍንጫዬን ብቻ እያየህ፣ በግራህ በኩል ስንት ጣት እንዳወጣሁ ንገረኝ» አለችው።

«ሁለት» አለ ንጋቱ።

«እጄ ጭኔ ላይ ነው» አለች እማዋይሽ። «ምንም አላነሳሁም።»

ንጋቱ እጁን ከዓይኑ ላይ አወረደ። ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። የሐኪሙን ቃል፣ ጠብታውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ መሪውን ትቀሚኛለሽ። እኔ ከመሪ ሌላ ምን አለኝ? ሰው የሚያውቀኝም፣ የሚያከብረኝም በእሱ ነው።» መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ደግሞ ይህን መንገድ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜም እነዳዋለሁ።»

«መንገዱን ታውቀዋለህ» አለችው። «ያቺ ሴት ልጇን ታቅፋ ዛሬ እዚያ ጋ እንደምትቆም ግን አታውቅም ነበር።»

ንጋቱ አቀረቀረ። «እንመለስ። ይህንንም መኪና እሸጠዋለሁ። የሆነው ሆኗል» አለ።

«ማን ነው የሚመልሰን?» አለች እማዋይሽ።

ይህን አላሰበውም ነበር።

«ቁልፉን አምጣ» አለችው።

ቁልፉን ነቅሎ መዳፏ ላይ አኖረው። «ወደ አዳማ ነው?»

«ወደ ሐዋሳ ነው። እዚያ የዓይን ሐኪም አለ። ከዚያ በፊት ግን አንተ የምትሄድበት ቦታ አለ።»

የት እንደሆነ ገባው። ወርዶ ወደ ገበያው በእግሩ ተመለሰ። የባጃጁ ሾፌር ገና አልሄደም፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውኃ ይጠጣል። ሴትየዋም ልጇን እያጠባች ነው። ንጋቱ ፊታቸው ቆመ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «የግራ ዓይኔ ታሟል። ሐኪም አትንዳ ብሎኝ ነበር። እያወቅሁ ነው የነዳሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሾፌሩ ተነስቶ «እግዜር አትርፎናል፤ በቃ ይተዉት አባቴ» አለና ጨበጠው። ሴትየዋ ግን ልጇን አስተካክላ ያዘችና «ስላላዩኝ አልቀየምም፤ ሕመም ነው» አለች። «አውቀው ዝም በማለትዎ ግን ተቀይሜአለሁ። ይቅር ለማለት ጊዜ ይወስድብኛል።»

«እውነትሽን ነው ልጄ» አለ ንጋቱ።

ሲመለስ እማዋይሽ በሾፌሩ ቦታ ተቀምጣ ወንበሩን ወደ ፊት እየሳበች ነበር። በቀኝ በኩል ገብቶ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሳች፤ ጠፋባት። ደግማ አስነሳች፤ አሁንም ጠፋባት። ከኋላ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን አንጫረረው። የንጋቱ እጅ ሳያስበው ወደ መሪው ተዘረጋ፤ እሱ ግን መሃል ላይ ገታውና ጉልበቱ ላይ መለሰው።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። ቀስ። ጆሮሽን ሞተሩ ላይ አድርጊ፤ ሲከብደው ይነግርሻል።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ።

እስከ ባቱ ድረስ አንገቷን አድርቃ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳትል ነዳች። ከባቱ በኋላ ትከሻዋ ላላ። አርሲ ነገሌ ስትደርስ ማርሹን ሳታይ መቀየር ጀመረች። ንጋቱ በሞተሩ ድምፅ ብቻ «አሁን ወደ ሦስት ውረጂ» ይላታል፤ ትወርዳለች። ከሻሸመኔ በፊት አንድ የተጫነ ከባድ መኪና ቀድማ ስታልፍ ንጋቱ እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ የሌለ ፍሬን ረገጠ። አልፋ ወደ መስመሯ ስትገባ ትንፋሹን ለቀቀ።

«እንዴት ነኝ?» አለችው።

«እኔ በመጀመሪያው ቀኔ እንዲህ አልነዳሁም» አላት። እውነቱን ነበር።

ሐዋሳ ላይ አንዲት የዓይን ሐኪም ዓይኑን ለረጅም ጊዜ መረመረች። እማዋይሽ አጠገቡ ተቀምጣለች። ንጋቱ በዚህ ጊዜ ያቋረጠውን ጠብታም ቢሆን አልደበቀም።

«የጠፋው አይመለስም» አለች ሐኪሟ። «የቀረውን ግን በሕክምና ማቆየት እንችላለን፤ እርስዎ ከተባበሩ።»

«እነዚያን ስምንት ወራት ባልደብቅ ኖሮስ?»

ሐኪሟ ልታጽናናው ብላ አልዋሸችውም። «ዛሬ ከሚያዩት የበለጠ ያዩ ነበር» አለችው።

ንጋቱ በመዳፉ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ሚስቱ አልከለከለችውም። ሲበቃው ጠብታውን ተቀበለ፤ የሚደረግበትን ሰዓት መከታተሉን እማዋይሽ ያዘች። በማግሥቱ ጉዟቸውን ቀጠሉ።

አርባ ምንጭ የደረሱት በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። እማዋይሽ መኪናውን አቀበቱን አውጥታ ሁለቱ ሐይቆች ከሚታዩበት ከፍታ ላይ አቆመችው። ወርደው ጎን ለጎን ቆሙ። አባያ ከወዲህ ቀላ ብሎ ተዘርግቷል፤ ጫሞ ከወዲያ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ በመካከላቸው ጥቅጥቅ ያለ ደን የለበሰው መሬት አለ። እማዋይሽ ያንን ሁሉ ዓመት ያስተማረችውን ነገር ፊት ለፊቷ ስታየው በካርታ ላይ እንደምታደርገው የሐይቆቹን ዳርቻ በጣቷ በአየር ላይ ሣለች።

ንጋቱ ፊቱን ወደ ጫሞ አድርጎ ቆይቶ፣ «በግራዬ በኩል ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲያደርስ የኖረው ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። እማዋይሽ ክንዱን ያዘችና ከጫፍ ጀምራ ነገረችው። ውኃው እንዴት እንደሚያንጸባርቅ፣ ዳርቻው የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ ዓሣ አጥማጆቹ በየት በኩል እየተመለሱ እንዳሉ፣ አንድም ሳታስቀር። እሱም እየሰማ፣ ዘወር እያለ አየው። መንገዱን እሱ በጆሮው፣ እሷ በዓይኗና በእጇ ተጋግዘው የመጡት ሁለቱ ሰዎች ያን ቀን ሐይቆቹን ምንም ሳይጎድል አዩአቸው።

ወዳጄ፣ ድክመታችንን የምንደብቀው ክብራችን የሚጠበቅ መስሎን ነው። የደበቅነው ድክመት ግን እኛ ዘንድ ብቻ አይቀርም፤ መንገድ ላይ ምንም ሳያውቅ የቆመውን ሰው ሊያገኘው ይችላል። ንጋቱ ስምንት ወር ዝም በማለቱ ያተረፈው ነገር የለም፤ ከዓይኑ ብርሃን ግን ከፈለ፤ የሰው ሕይወት ለማጥፋትም አንድ ክንድ ነበር የቀረው። እውነቱን በተናገረበት ቀን ይቀርብኛል ብሎ የፈራው ክብር አልቀረበትም። የቀረበት መሪው ብቻ ነው፤ እሱንም የተረከበችው የምትወደው ሰው ናት። ሰው የሚከበረው ሁሉንም ስለሚችል አይደለም። የማይችለውን በጊዜ ተናግሮ፣ ለሚችለው ሲያስረክብም ይከበራል።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ በየትኛው ጎናችሁ ማየት አቅቷችኋል? አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰውስ ነግራችሁታል?