መልሱ የጣመው ሊቅ

አንድ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ሥራው አቶም መመዘን ነው። አዎ፣ መመዘን! እናንተ ሽንኩርት ስታስመዝኑ ሚዛኑ ላይ ታፈጡ የለ? እሱ ደግሞ ዓይን የማያየውን ነገር በማሽን ይመዝናል። በወጣትነቱ የአንድ አቶም ክብደት አገኘና ትልቅ ሽልማት ተሸለመ። ቁጥሩም መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

ዓመታት አለፉ። ዘርፌ የምትባል የቀድሞ ተማሪው ያንኑ አቶም በተሻለ ማሽን መዘነችው። ቁጥሯ ከእሱ ቁጥር ጋር አልገጠመም። ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ለእነሱ ሙያ ግን ትልቅ ጉድ ነው።

«ስህተትሽን ፈልጊ» አላት።

ፈለገች። ማሽኑን ፈታታ ገጣጠመችው፤ ምንም ስህተት አላገኘችም። ተመልሳ ፈራ ተባ እያለች፣ «ፕሮፌሰር፣ እርስዎስ ያኔ ስህተት ፈልገው ነበር?» አለችው።

«እንዴታ! ወራት ሙሉ ነዋ!»

«መቼ አቆሙ?»

ትዝ አለው። ያቆመው፣ ቁጥሩ የገዛ አስተማሪው ከገመቱት ጋር የገጠመለት ቀን ነው። ያን ቀን ማሽኑን አጠፋና ጓደኞቹን ምሳ ጋበዘ። ማሽኑ ልክ መሆኑን አረጋግጦ አልነበረም። መልሱ ስለጣመው ነበር።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ክብሩ፣ የዕድሜ ልክ ስሙ ያ ቁጥር ነው። ዘርፌን አፏን ማስያዝ ይችል ነበር። ከእሱ ይልቅ እሷን ማን ይሰማል?

እሱ ግን አሮጌውን ማሽን አስነሣና ጠራት። «ማሽኑ በሚያወጣው ውጤት ላይ አንድ ቁጥር በስውር ደምሪበት። ፍተሻዬን እስክጨርስ ስንት እንደሆነ እንዳትነግሪኝ» አላት። እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ልማድ አለ። የሚፈትሸው ሰው መልሱ ይጥመው አይጥመው አያውቅም፤ ስለዚህ መሐል ላይ አያቆምም።

ፈተሸ። ሲሠራ እየሞቀ ሚዛኑን የሚያዛባ አንድ ሽቦ አገኘ። አስተካከለው። ዘርፌ የደበቀችውን ቁጥር ነገረችው፤ ሲቀንሰው እሷ ያገኘችው ቁጥር ወጣ።

በሊቃውንቱ ጉባኤ ላይ ተነሣ። «ዘርፌ ልክ ናት። የተሸለምኩበት ቁጥር ስህተት ነው» አለና ተቀመጠ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ መቼ ነው መፈተሽ ያቆማችሁት?

ከወንድማችሁ ጋር በአባታችሁ ቤት ውርስ ተጣላችሁ። አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄዳችሁ፤ «ተው፣ ጥፋቱ ያንተ ነው» አሏችሁ። አልጣማችሁም። ሌላ ሽማግሌ ፈለጋችሁ። እሳቸውም እንደዚያው አሉ። ሌላ ፈለጋችሁ! አንዱ «እውነት አለህ» ያላችሁ ቀን፣ «እሰይ፣ እግዚአብሔር ፈረደልኝ!» ብላችሁ ቤታችሁ ገባችሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ወንድማችሁን ሰላም አትሉም።

እውነት እግዚአብሔር ነው የፈረደው? ወይስ የምትፈልጉት ቁጥር ስለወጣ ማሽኑን አጠፋችሁት?

«ጌታ ሆይ፣ ልቤን ፈትሽ» ትላላችሁ። መልካም ጸሎት ነው። ግን መልሱን አስቀድማችሁ አትንገሩት።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሌላ ሽማግሌ አትፈልጉ። ሂዱና የመጀመሪያውን ሽማግሌ በር አንኳኩ።