የጡሩምባ ነፊው አገር

የትውልድ አገሩን እሱ ራሱ እንኳ የማያውቅ አንድ ሰው ነበረ።

ቁጭ በል ምትኩ፤ ጥያቄህን ረስቼው አይደለም። «ጋሼ፣ ኦኬ የሚለው ቃል ከየት ነው የመጣው? ከትርጉሞቹስ ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብለኸኛል። አንዱ መጽሐፍ ድሮ በጋዜጣ ላይ ለቀልድ የወጣ ቃል ነው ይላል፤ ሌላው የአሜሪካ ጥንታዊ ነዋሪዎች ቋንቋ ነው ይላል፤ አንዱ ወደ ግሪክ፣ አንዱ ወደ ስኮትላንድ ይወስደዋል። አንተ ስታወራ አራት አገር ቆጠርኩልህ። ተማሪህ ደግሞ በእንግሊዝኛ ድርሰቷ ላይ «እናቴ ከሆስፒታል ወጥታለች፤ አሁን ኦኬ ናት» ብላ ብትጽፍ ቃሉን በቀይ ሰረዝክባት፤ «አባቱ ያልታወቀ፣ ትርጉሙ የማይጨበጥ ቃል» ብለህ ነጥብ ቀነስክባት። ልጅቷ አለቀሰች። አንተም «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ ወይ?» ልትለኝ መጣህ። እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውየውን ስማ።

ይህ ሰው በልጅነቱ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ አንድ መንደር መጣ። ነጋዴዎቹ በቅሎዎቻቸውን ውሃ አጠጥተው መንገዳቸውን ሲቀጥሉ እሱ በወባ ተይዞ ከአንድ አጥር ሥር ተኝቶ ቀረ። ተመልሶ የፈለገው የለም። ሲድን ሥራ ጠየቀ፤ ሰጡት። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ውስጥ እሱ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ጣሪያ ሲያፈስ ይጠሩታል። እጅ ሲሰበር የሚያሸው እሱ ነው። ላም ገደል ስትገባ ገመድ ይዞ የሚወርደው እሱ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ በመሃል የሚመላለሰውም እሱ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ የተናገረውን ክፉ ነገር ሳያደርስ መንገድ ላይ ጥሎት ይመጣል። የሚጠራበት ስም እንደ ቤቱ ነበር። አንዱ ቤት ክዳን ሠሪው ይለዋል፣ ሌላው ቤት ወጌሻው፣ ሌላው ቤት አስታራቂው። ልጆቹ ደግሞ በትልልቅ ጆሮዎቹ ስም አውጥተውለት ነበር። እሱ ለሁሉም «አቤት» ይላል።

ዝምተኛ ግን አልነበረም። አንድ ጊዜ የአንድ ሀብታም ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲሠራ ባለቤቱ ከታች ሆኖ «ለመሆኑ አንተ ሰው አገርህ የት ነው?» አለው። «ጌታዬ፣ ስወለድ ትንሽ ነበርኩ፤ አላስታውስም» ብሎ መለሰለት። መንደሩ በዚህ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። ሀብታሙ ሰው ቤተሰቡ ከቆላ የመጣ ስለነበር «የእኛ አገር ሰው ነው፤ ፀሐይ አያደክመውም» ይል ጀመር። ጡረታ የወጣ አንድ ወታደር «የለም፣ የወታደር ልጅ ነው፤ አቋቋሙን አታዩም? የእኛ ነው» አለ። እናቱ ከወንዝ ማዶ የተወለደች አንድ የተማረ ሰው ደግሞ «አነጋገሩን አድምጡት እንጂ፤ የእናቴ አገር ሰው ነው» አለ። በበዓል ቀን ጠላ ይዘው በዚህ ይከራከራሉ። እሱም ጠላውን እየቀዳላቸው ይስቃል።

በዚያ መንደር አንድ እድር ነበረ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ቃሬዛ ያወጣል፣ መቃብር ያስቆፍራል። የቀድሞው ጡሩምባ ነፊ አርጅቶ ትንፋሽ ሲያጥረው ጡሩምባውን ለዚህ ሰው ሰጡት። ሰው የሞተ እንደሆነ ከኮረብታው ላይ ወጥቶ ይነፋል፤ ከዚያ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እገሌ አርፏልና ለቀብር ውጣ!» እያለ ይጣራል። የእድሩ ሕግ ጥብቅ ነበር። ጡሩምባ የሰማ ሰው እንዴት፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ወንዱ ዶማና አካፋውን አንስቶ፣ ሴቷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ይወጣሉ።

እሱ ግን የእድሩ አባል አልነበረም! አባል ለመሆን አባቱንና አገሩን የሚያውቅ ሰው ቆሞ መመስከር አለበት፤ እሱ ደግሞ ምስክር የለውም። ጡሩምባ ንፋ ሲሉት አገሩን አልጠየቁትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ሚስቱ ሞተች። እሷም እንደሱ ዘመድ የሌላት ሴት ነበረች። ጎረቤት ሴቶች አጥበው ገነዟት። እሱም ወደ እድሩ ቤት ሄዶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ።

«ድንኳን አልጠይቅም» አላቸው፤ «ንፍሮም አልጠይቅም። ቃሬዛውንና የሚቆፍሩ ሰዎች ስጡኝ። ብቻዬን ልሸከማት አልችልም።»

የእድሩ ዳኛ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው፤ «ነገር ግን ሕግ አለን። ቃሬዛው የሚወጣው ለአባል ነው። አገርህን አውቀን ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንቸገርም ነበር።»

ሰውየው ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ተቀመጡት ሦስቱ ተከራካሪዎች ዞረ። ሀብታሙ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ቆላ ያልኩት ለጨዋታ ነው» አለ። ወታደሩ «ወታደር ብዙ አገር ይዞራል፤ የወለደው ሁሉ የእኔ ዘመድ ነው ማለት አይደለም» አለ። የተማረው ሰው «ከወንዝ ማዶ ቢሆንማ ኖሮ የማን ልጅ እንደሆነ እናቴ ትነግረኝ ነበር» አለ። ከዚያ እርስ በርስ ይሟገቱ ጀመር፤ በበዓል ቀን እያንዳንዱ ወደ ራሱ ይጎትተው እንዳልነበር አሁን እያንዳንዱ ወደ ሌላው ይገፋው ጀመር። አንዱ «ያንተ ነው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ያንተ ነው» ይላል። ፀሐይዋ እየከረረች ነው። ሬሳው ቤት ውስጥ ነው።

ሽንኩርት ተሸክማ የምታልፍ አንዲት ባልቴት ጩኸቱን ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። «አንተ ዳኛ» አለች፤ «ያን ጊዜ ከበቅሎ ወድቀህ ክንድህን ሲያሽልህ አገርህ የት ነው አልከው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ የሕግ ጉዳይ ነው፤ ወደ ገበያሽ ሂጂ።»

ባልቴቷ ሽንኩርቷን አወረደች፤ አልሄደችም።

ሰውየው ሁሉንም አየ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ጡሩምባውን አወረደና ወጣ። ዳኛው «ያዙት! ጡሩምባው የእድሩ ንብረት ነው!» ብሎ ጮኸ። ከሽማግሌዎቹ መሃል ግን ሮጦ የሚይዘው አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሮጦ የሚይዝላቸው እሱ ነበር።

ኮረብታው ላይ ወጥቶ ነፋ። ከዚያም እንዲህ ብሎ ተጣራ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የክዳን ሠሪው ሚስት፣ የወጌሻው ሚስት፣ የአስታራቂው ሚስት፣ የጡሩምባ ነፊው ሚስት አርፋለችና ለቀብር ውጣ!»

መንደሩ ተደናገጠ። አንዱ ገበሬ ቀንበሩን ፈቶ «ምን መዓት ነው ዛሬ፣ አራት ሴት!» እያለ ሮጠ። ክዳን ሠሪው በሚባልበት ቤት ያሉት የእነሱ ሰው ሚስት ሞተች ብለው ወጡ፤ ወጌሻው በሚባልበት ቤት ያሉትም እንደዚሁ። ለአራት መቃብር የሚበቃ ዶማ መጣ። ኮረብታው ሥር ሲደርሱ ጡሩምባውን ይዞ የሚያለቅስ አንድ ሰው አገኙ። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ገባቸው። የተመለሰ የለም። ጎረምሶቹ ወደ እድሩ ቤት ሄደው ቃሬዛውን ከሽማግሌዎቹ መሃል አንስተው ወጡ፤ የከለከላቸውም አልነበረም። ዳኛው አፉን ከፍቶ ያን ሁሉ ሕዝብ ያያል። መቃብሩን ለመቆፈር ወረፋ ተያዘ።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ዳኛው ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። አፍሮ ነበር፤ ያፈረው ግን በሠራው ሳይሆን በሕዝቡ ፊት በመታየቱ ነው። «በል እንግዲህ፣ የሆነው ሆነ» አለ። «ሰው እንዳይስቅብን ከተባሉልህ አገሮች አንዱን ጥራና አባል እናድርግህ። የፈለግከውን ጥራ፤ አንከራከርህም።»

ሰውየው የጡሩምባውን አቧራ በጋቢው ጠረገና ሰጠው። «ንብረታችሁን እንካ» አለው። ከዚያ ገና ባልደረቀው አፈር ላይ እጁን አሳረፈ። «አገሬ ይኸው» አለ። «እኔም ያወቅኩት ዛሬ ነው።»

እንግዲህ ምትኩ፣ ኦኬ ያልከው ቃል ይህ ሰው ነው።

ታውቃለህ፣ እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከጭነት መኪና ኋላ ቆሜ ነው። በረዳትነት ጊዜዬ ሾፌሩ ገደል አፋፍ ላይ መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ ጎኑን በመዳፌ እየመታሁ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ!» እለው ነበር። አንድም ሾፌር ወርዶ «ቃሉ የግሪክ ነው ወይስ የስኮትላንድ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ኖሮ ሁለታችንም ዛሬ የለንም። በኋላ ሱቅ ስከፍት ቋንቋቸውን ከማላውቅ ሰዎች ጋር በዚሁ ቃል ተስማምቻለሁ። መብራት የሚጠግነው ልጅ ዛሬ ጠዋት ከጣሪያው ላይ ሆኖ ቆጣሪውን እንድከፍት የነገረኝ በሱ ነው። አክስትህ ደግሞ ወሬ የበዛባትን ጎረቤቷን ስልክ ያዘጋችው በሱ ነው። ነርሷ ስለ ደም ግፊቴ ያለችኝም እሱኑ ነው። ትርጉሙ አይጨበጥም ትላለህ! የትኛው ቤት እንደተጠራ እይ፤ ሥራውን ታየዋለህ።

አንተም ብትሆን ትናንት በስልክ «እሁድ እመጣለሁ፣ ኦኬ» ብለኸኝ ነው ዛሬ እዚህ የተቀመጥከው። ሰምቼሃለሁ፤ ቃሉ ሲጠቅምህ የእኛ ነው። ልጅቷ ስትይዘው ግን አባቱ ማን ነው አልክ! ሀብታሙ ሰው፣ ወታደሩና የተማረው ሰው ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አንተ በዚያ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ጨመርክበት።

መነሻውን መጠየቅ ነውር ነው አላልኩህም። ጠይቅ፤ መጽሐፉን ግለጥ፤ የምታገኘውንም ለተማሪዎችህ ንገር። ነውሩ ሬሳውን ቤቱ አስቀምጦ ቃሬዛ ሊለምን የመጣን ሰው ደጅ አቁሞ መጠየቅ ነው። ያቺ ልጅ እናቷ ታማባት የከረመች ልጅ ናት። የፈራችው ሁሉ አልፎላት ያንን በአንዲት ቃል ይዛ በርህ ላይ ቆመች። ያቺን ቃል ከቤቷ ያመጣቻት እናቷ ድና ነው። አንተ የቃሉን አገር ጠየቅካት።

ነገ ወደ ክፍል ስትገባ ነጥቧን መልስላት። ከዚያ በፊት ግን ወደ እሷ ጠጋ በልና «እናትሽ እንዴት ናት?» ብለህ ጠይቃት። የምትመልስልህን ቃል ደግሞ እንዳትሰርዝባት።