ጨመቅኩ እንጂ አልጨመርኩም

በአንድ ወቅት፣ ድሬዳዋ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ኬክ ጋጋሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሰርግና ልደት ሲጋግሩ ኖረው ስኳር በሽታ ያዛቸው። ሐኪሙ «ስኳር የተጨመረበት ነገር እንዳይቀምሱ» ቢላቸው፣ ግልፍተኛ ናቸውና እዚያው ፊቱ ላይ፣ «ስኳር የተጨመረበት ነገር ከቀመስኩ ልጆቼን ይንሳኝ!» ብለው ማሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ምን ቢናደዱ በልጅ ይማላል?

ከዚያ ወዲያ እረፍት አጡ። ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፤ ምድጃውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሳይቀምሱ መጋገር ዓይንን ጨፍኖ እንደ መሄድ ሆነባቸው። ደንበኛው ማጉረምረም ሲጀምር ሦስቱን ልጆቻቸውን ጠርተው የኬክ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት።

«መሐላዬን ሳያስፈርስ ኬክ ያበላኝ ልጅ ይውሰደው። እኔስ በቃኝ!»

ታላቁ አጥናፉ ብርቱካን ጨመቀ። ጭማቂውን ጥዶ ማር እስኪመስል አፈላውና በስኳር ፈንታ ሊጡን በእሱ ለወሰው። ጋሽ ይርዳው አንዴ ሲጎርሱ እንባቸው መጣ። «እሰይ የኔ ልጅ! ነፍሴ መለስ አለች!» እያሉ ሙሉውን ጨረሱት። አመሻሽ ላይ ግን ጉሮሯቸው ደረቀ፣ ዓይናቸው ብዥ አለ። ጣታቸውን ወግተው ቢለኩ ስኳራቸው ሰማይ ነክቷል።

«ምን ጨመርክበት አንተ?»

«አንተ ሙት አባዬ፣ ጨመቅኩ እንጂ አልጨመርኩም!»

እህቱ እልፍነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። «ጨመቅክ፣ እሺ። ከዚያስ? ሊጡ ላይ ጨመርከው!»

ጋሽ ይርዳው ክው አሉ። መሐላው ፈርሶ ይሆን? ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልጆቻቸው አንዱ ባስነጠሰ ቁጥር ልባቸው ይመታ ነበር።

ተራው የእልፍነሽ ሆነ። እሷም ብርቱካን ጨመቀች፤ ግን አላፈላችውም፣ በውሃ አቅጥና ካልተነፋ ዱቄት ጋር አቦካችው። ስስ አድርጋ ቆረሰችና አጠገባቸው ቆመች። «አልዋሽህም አባዬ፤ የፍሬ ስኳርም ስኳር ነው። ለዚህ ነው ትንሽ የቆረስኩልህ።» መሐላዬ ስኳር እንጂ ብርቱካን አላለም ብለው ራሳቸውን አጽናኑና በሁለት ጉርሻ ጨርሰው እጃቸውን ለሌላ ሲዘረጉ፣ ደንበኛ ፊት ሳህኑን ነጠቀቻቸው።

«በገዛ ቤቴ?»

«በገዛ ቤትህ!»

ቢለኩ ደህና ናቸው። ንዴቱ ግን የበሉትን አስረሳቸው፤ ጣፈጠ አልጣፈጠ አላወቁትም። ቀኑን ሙሉ አኮረፏት።

ትንሹ ደመላሽ ጨርሶ አልጨመቀም። የብርቱካኑን ልጣጭ ፍቆ፣ ቀረፋና ሄል ደባልቆ ጋገረ። ሽታው መንገደኛ አስቆመ። «ሙሉ በሙሉ በጭማቂ ነው የጋገርኩት» አለ። ጋሽ ይርዳው እስኪጠግቡ በሉ። «ጣፋጭ ማለት ይሄ ነው!» አሉ። ቢለኩ ምንም የለም። ደስታው ፈነቀላቸውና ቁልፉን አንስተው፣ «እንካ፣ ያንተ ነው!» ሲሉት ልጁ አንገቱን ደፋ።

«አባዬ፣ ጭማቂ የለበትም። ምንም ጣፋጭ ነገር የለበትም። አፍንጫህን ነው ያታለልኩት።»

የተዘረጋው እጃቸው ተመለሰ። ከበሉት ሁሉ መሐላቸውን በእርግጥ ያላፈረሰው ኬክ ይህ ብቻ ነው፤ በዚህኛው ልጆቻቸውን አላስያዙም። ግን የጋጋሪ ምላሳቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የኮሩበት ምላስ፣ በልጣጭ ተታለለ። አፈሩ፤ በጣም አፈሩ።

«እኔ ነኝ ያጣፈጥኩልህ» አለ አጥናፉ።

«እና ልትገድለው ነበር!» አለች እልፍነሽ። «እኔ እውነቱን ነግሬ ጠበቅኩት።»

«በመሐላው ግን ቁማር ተጫወታችሁ» አለ ደመላሽ። «በእኛ እኮ ነው የተማለው!»

አባትየው ቁልፉን ጨብጠው ከበር እስከ ምድጃ፣ ከምድጃ እስከ በር ይንቆራጠጣሉ፤ ሦስቱም ቆመው የአባታቸውን እጅ ያያሉ። እኔ እዚህ ላይ ተውኳቸው። እንግዲህ እናንተ ተከራከሩበት፦ የኬክ ቤቱ ቁልፍ ለማን ይገባል?